ባይኖኩላር በደረት ላይ፦ ባለ ክዳን መያዣ ለአዳኝ ምን ያህል ይመቻል?

የአደን ሰዓት አብዛኛው የሚያልፈው በመተኮስ ሳይሆን በመመልከት ነው። አዳኝ በቀን ውስጥ ከጠመንጃው ይልቅ ደጋግሞ የሚያነሣው ባይኖኩላሩን፣ ማለትም በሁለት ዓይን ሩቅ የሚያይበትን መነጽር፣ ሆኖ ሳለ፣ ሲገዛ ስለ መስተዋቱ ጥራት ብዙ ይጠይቅና ስለ አያያዙ የሚያስበው አንገቱ መዛል ሲጀምር ብቻ ነው። እኔም ከዕቃው ጋር በመጣው ቀጭን የአንገት ማንገቻ ለብዙ ዓመታት ተጠቅሜ፣ ባለፉት ሁለት የአደን ወቅቶች ባለ ክዳን የደረት መያዣ መልበስ ጀምሬያለሁ።

በአደን ላይ በብዛት የሚታየው 10 በ42 የሚባለው ባይኖኩላር፣ ማለትም 10 ጊዜ የሚያጎላውና የፊት መስተዋቱ 42 ሚሊሜትር ስፋት ያለው፣ እንደ አሠራሩ ከ600 እስከ 900 ግራም ገደማ ይመዝናል። ይህ ክብደት ለእጅ ምንም አይደለም፤ ከማለዳ እስከ ምሽት በአንዲት ጠባብ ማንገቻ አንገት ላይ ሲንጠለጠል ግን ከማጅራት ተነሥቶ እስከ ትከሻ የሚወርድ ሕመም ይሆናል። ጎንበስ ባሉ ቁጥር ወደ ፊት ይወዛወዛል፣ ከጠመንጃው ብረት ጋር ይጋጫል፣ የተጋጨበትም ድምፅ ሳምንት ሙሉ የተደከመበትን ወደ አውሬው አቀራረብ ያበላሻል። ከሁሉ የሚብሰው ግን የተሰላቸው አዳኝ ባይኖኩላሩን አውልቆ ከጀርባ ሻንጣው ውስጥ መክተቱ ነው። ያን ጊዜ ቁጥቋጦ ውስጥ አንድ ነገር ሲንቀሳቀስ የሚያየው በጠመንጃው መነጽር ይሆናል፤ ይህም ምንነቱን ገና ባልለየው ነገር ላይ፣ ምናልባትም በሰው ላይ፣ አፈሙዝ ማነጣጠር ማለት ነው። ስለዚህ የባይኖኩላር ምቾት ለእኔ የቅንጦት ጉዳይ አይደለም፤ ከጥንቃቄ ደንቦች እንደ አንዱ የምቆጥረው ነው።

የምጠቀምበት መያዣ ውስጡ በስፖንጅ የተለበጠ የጨርቅ ኪስ ሲሆን፣ ሁለት የትከሻ ማንገቻዎቹ ጀርባ ላይ ተሻግረው በጎድን በኩል ከኪሱ ጋር ይያያዛሉ። ክብደቱ ከአንገት ወርዶ ለሁለቱ ትከሻዎችና ለጀርባ ስለሚከፋፈል፣ ከመጀመሪያው ቀን ጉዞ በኋላ ማጅራቴ አልደነዘዘም። ይህን ያህል ልዩነት አልጠበቅሁም ነበር። ክዳኑ በማግኔት ስለሚዘጋ አከፋፈቱ ድምፅ የለውም፤ በቬልክሮ፣ ማለትም ተጣብቆ በሚላቀቅ ሻካራ ጨርቅ፣ የሚዘጉትን ግን፣ የመላቀቃቸው ድምፅ ጸጥ ባለ ጫካ ውስጥ ሩቅ ስለሚሰማ፣ ለማንም አልመክርም። ባይኖኩላሩ ከጎንና ከጎን ባሉ ሁለት አጫጭር ገመዶች ከማንገቻው ጋር ስለሚታሰር፣ እጅ በብርድ ደንዝዞ ቢያመልጥም መሬት አይደርስም። በአንገት ማንገቻ ጊዜ ወደ ላይ ተገልጠው ዝናብና አቧራ ይቀበሉ የነበሩት የዓይን በኩል መስተዋቶችም አሁን በክዳኑ ተሸፍነዋል፤ በብርድ ቀን ዳገት ስወጣ ትንፋሼ አያደበዝዛቸውም።

ይህ ምቾት የሚገኘው ግን ማንገቻው ለሰውነት በትክክል ሲለካ ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ኪሱን ዝቅ አድርጌ ለብሼው እርምጃ በተራመድሁ ቁጥር ሆዴን ይመታኝ ነበር፤ ወደ ደረቴ መካከል ከፍ አድርጌ፣ በረዥሙ ስተነፍስ በማያስጨንቀኝ መጠን የጎኑን ማሰሪያ ሳጠብቀው ረጋ። ደግሞም መያዣው ከጀርባ ሻንጣው በፊት መለበስ አለበት፤ አለዚያ ሻንጣውን ለማውረድ መጀመሪያ መያዣውን ማውለቅ ያስፈልጋል።

ጉድለቶቹም ቀላል አይደሉም። በሞቃት ቀን ከኪሱ ጀርባ ያለው ልብስ በላብ ይርሳል፤ ከሰውነት ጋር የሚገናኘው ገጹ አየር በሚያሳልፍ መረብ ቢሠራ ይሻል ነበር። የክዳኑ ማግኔት የኮምፓስን መርፌ ይስባል፤ አቅጣጫ ሳይ ኮምፓሱን ከደረቴ አርቄ ለመያዝ ተገድጃለሁ፣ የልብ ምት ማስተካከያ መሣሪያ በደረቱ ያለበት ሰውም ሐኪሙን ሳያማክር ማግኔት ያለው መያዣ መልበስ የለበትም። በደረት ተኝቶ ለሚተኩስ ኪሱ ሥር ሆኖ ሰውነትን ከመሬት ያነሣል፤ እኔ የጎኑን ማሰሪያ አላልቼ ወደ ብብቴ በኩል አዞረዋለሁ፣ ለዚህ ግን ጊዜ ያስፈልጋል። የትከሻው ማንገቻ ሰደፉ በሚያርፍበት ቦታ ላይ ካለፈም ሰደፉ ይንሸራተታል፤ ይህን ጫካ ከመግባት በፊት ባዶነቱ በተረጋገጠ ጠመንጃ መሞከር ይገባል። በደጋን የሚያድኑ ደግሞ አውታሩ ሲለቀቅ ኪሱን እንዳይነካ አስቀድመው ያረጋግጡ።

ለግማሽ ቀን ለሚወጣና ዝናብ ለማይፈራ ሰው ኪስ የሌለው የላስቲክ ማንገቻ ይበቃዋል እላለሁ። እሱም ክብደቱን ለሁለቱ ትከሻዎች ያካፍላል፣ ቀላል ነው፣ አያሞቅም። ላስቲኩ ግን በፍጥነት ሲራመዱ ያነጥራል፣ በጊዜ ብዛትም ይረግባል፣ መስተዋቱንም ከምንም አይከልልም። ቀኑን ሙሉ ለሚጓዝ ምርጫዬ ባለ ክዳኑ ነው።

መግዛት የሚፈልግ ሰው የራሱን ባይኖኩላር ይዞ ይሂድ። ለ42 ሚሊሜትር የተሰፋው የእኔ ኪስ 50 ሚሊሜትሩን አይቀበልም፤ ጎኑ ሰፋ ብሎ የሚወጣውና በድሮው አሠራር የተሠራው ባይኖኩላርም በጠባብ ኪስ ውስጥ ይጣበቃል። ባይኖኩላሩ ከገባ በኋላ የዓይን መደገፊያ ቀለበቶቹ ወደ ላይ ወጥተው ሳሉ ክዳኑ መዘጋቱን ማየት ያስፈልጋል፤ ካልተዘጋ፣ ባነሡትና በመለሱት ቁጥር ቀለበቶቹን ማሽከርከር ግድ ስለሚሆን፣ አንድ ቁጥር የሚበልጠውን ኪስ መጠየቅ ይሻላል።