የካራቫን የመመገቢያ ጥግ ወደ ነጠላ አልጋ፦ የትኛው አሠራር ለማን ይሆናል?

በመኪና በሚጎተት ትንሽ ካራቫን (ተንቀሳቃሽ ቤት) ውስጥ ሰፊውን ቦታ የሚይዘው ብዙ ጊዜ የመመገቢያ ጥጉ ነው። ሁለት አግዳሚ ወንበሮች ፊት ለፊት ይቀመጣሉ፤ በመካከላቸው ጠረጴዛ ይቆማል። ለቤተሰብ ጥሩ ነው። ብቻውን ለሚጓዝ ሰው ግን ሁለተኛው ወንበር ባዶውን ይውላል፤ ማታ ማታ ጠረጴዛ ማውረድና ትራስ መደርደር፣ ጠዋት ደግሞ ሁሉንም መልሶ ማንሳት ይመጣል። ይህን ጥግ ለአንድ ሰው የሚሆን አልጋ ለማድረግ የፈለገ ገዢ አራት መንገድ አለው፦ ፋብሪካው ያዘጋጀውን የሚወርድ ጠረጴዛ ማሻሻል፣ ቋሚ መደብ ማሠራት፣ ከወንበሩ ሥር የሚሳብ ርብራብ (ክፍተት እየተተወ የተደረደሩ ጠባብ ጣውላዎች) መግጠም፣ ወይም ወንበሮቹን አውጥቶ የተዘጋጀ ተጣጣፊ አልጋ ማስገባት።

አብዛኛው ሰው ገንዘቡን በቅድሚያ የሚያወጣው ለፍራሽ ነው። በእኔ እምነት ይህ ቅደም ተከተሉን ማዛባት ነው። ምርጥ ፍራሽ በተዛነፈና አየር በማያስገባ መደብ ላይ ሲነጠፍ ወገብም ያሳምማል፣ ራሱም ይሻግታል። መካከለኛ ፍራሽ ግን ደልዳላና አየር የሚያገኝ መደብ ካገኘ ለዓመታት ያገለግላል። ስለዚህ ንጽጽሩን ከፍራሹ ሥር፣ ከመደቡ እጀምራለሁ።

ከሁሉ በፊት ሜትር

ርዝመቱ ካልበቃ የቀረው ሁሉ ከንቱ ድካም ነው። የመኝታው ርዝመት ከቁመትዎ ቢያንስ 15 ሴንቲ ሜትር መብለጥ አለበት፤ ጀርባ ላይ ሲተኙ የእግር ጣቶች ወደ ፊት ይዘረጋሉ፣ ትራስም የራሱን ቦታ ይወስዳል። በትንንሽ ካራቫኖች የመመገቢያ ጥጉ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ከ175 እስከ 190 ሴንቲ ሜትር ሆኖ የሚገኝበት ጊዜ ብዙ ነው። ቁመቱ 1 ሜትር ከ60 የሆነ ሰው እዚህ ውስጥ ይመቸዋል። 1 ሜትር ከ80 የሆነ ሰው ግን ካራቫኑን ራሱን ከመግዛቱ በፊት ጫማውን አውልቆ ተጋድሞ ይሞክረው።

ሲለኩ ሜትሩን ወለል ላይ አይዘርጉ፤ ፍራሹ በሚያርፍበት ከፍታ ይለኩ። ግድግዳቸው ጎበጥ ያለ ካራቫኖች በወለሉና በፍራሹ ከፍታ የሚሰጡት ልክ የተለያየ ነው። በወርድ በኩል ጥቂት መቻል ይቻላል። በብዙ አገር የቤት ነጠላ አልጋ ወርዱ 90 ሴንቲ ሜትር ነው፤ በካራቫን ውስጥ 70 ይበቃል፣ በጎኑ ለሚተኛ ሰው 65ም አይከፋም። ከዚያ ሲያንስ ግን ክንድ ማሳረፊያ ይጠፋል። ከፍታውንም አይርሱ። መደቡና ፍራሹ ተደምረው ከወለሉ ከ45 እስከ 50 ሴንቲ ሜትር ቢሆኑ ጠርዙ ላይ ተቀምጠው እግርዎ መሬት ይረግጣል፤ ያኔ አልጋው ቀን ላይ ወንበርም ይሆንልዎታል።

የሚወርደው ጠረጴዛ

ይህ ከካራቫኑ ጋር አብሮ የመጣው ነው። ጠረጴዛው ከእግሩ ይነቀላል፣ በወንበሮቹ ጠርዝ ላይ በተመቱት ደጋፊ እንጨቶች ላይ ያርፋል፣ የጀርባ ትራሶቹም መሃሉን ይሞላሉ። ምንም አይቆረጥም፣ ምንም አይበሳም። ወጪውም ከሁሉ ያነሰ ነው።

ጉዳቱን ለማየት ትራሶቹን ደርድረው እጅዎን ከራስጌ እስከ ግርጌ ያሂዱበት። ሦስት መጋጠሚያ ያገኛሉ፤ አንደኛው በትክክል ወገብ በሚያርፍበት ቦታ ላይ ነው። የመቀመጫ ትራስ ጠንከር፣ የጀርባ ትራስ ደግሞ ለስለስ ተደርጎ የሚሠራበት ጊዜ ስላለ የሰውነት ከባዱ ክፍል የሚወድቀው በጣም በሚሰምጠው ላይ ይሆናል። የጀርባ ትራሱ ከታች ወፍራም ከላይ ቀጭን ሆኖ ከተሰፋ ደግሞ የአልጋው መሃል ራሱ ተዳፋት ይሆናል። ሌሊት ሲገላበጡ ትራሶቹ ይሸሻሉ፣ ክፍተቱ ይሰፋል፣ ብርድ ከሥር ይገባል።

ይህንን መንገድ ለመምረጥ ካሰቡ ሁለት ነገር ያስፈልግዎታል። አንደኛው ከትራሶቹ ሥር የሚነጠፍ የማያንሸራትት የጎማ ምንጣፍ ነው፤ መሸሹን ያቆመዋል። ሁለተኛው ከላይ የሚነጠፍ፣ ከ5 እስከ 8 ሴንቲ ሜትር የሚወፍር አንድ ወጥ ስስ ፍራሽ ነው፤ መጋጠሚያዎቹን ይሸፍናል። ይህ ስስ ፍራሽ ቀን ቀን ተጠቅልሎ የት እንደሚቀመጥ ግን ቀድመው ያስቡበት፤ በትንሽ ካራቫን ውስጥ ጥቅልሉ ራሱን የቻለ እንግዳ ነው። ጠረጴዛውን ደግሞ ዝቅ አድርገው መሃሉ ላይ ይቀመጡበት። ክብደት ለመቀነስ ውስጡ ባዶ ሆኖ የተሠራ ጠረጴዛ ከተንጫጫ ወይም ከረገበ በላዩ ላይ የሚተኛ አዋቂ ሰው አይሸከምም ማለት ነው።

ለማን ይሆናል? አልፎ አልፎ ለሚያድር እንግዳ፣ ለልጅ፣ በዓመት ጥቂት ሌሊት ብቻ ለሚወጣ ሰው። በየሳምንቱ ለሚጓዝ ሰው አልመክርም።

ቋሚ መደብ

ብቻውን ለሚጓዝና ደጋግሞ ለሚያድር ሰው የእኔ ምርጫ ይህ ነው። ጠረጴዛው ከነእግሩ ይነሳል፣ ወንበሮቹ ባሉበት ይቀራሉ፣ በመካከላቸው ያለው ክፍተት በእንጨት ይሸፈናል። ማታ ገብቶ መተኛት ነው፤ ደክሞዎት በዝናብ ሲደርሱ ይህ ምን ያህል እንደሚያሳርፍ የሚያውቅ ያውቀዋል። ከመደቡ ሥር በሁለቱ ወንበሮች መካከል የነበረው የእግር ቦታ ደግሞ ትልቅ ዕቃ ማስቀመጫ ይሆናል።

እዚህ ላይ ገዢው የሚመርጠው ከፕላይውድ (ኮምፔንሳቶ) እና ከርብራብ ነው። ልዩነቱን በቁጥር እንየው። 190 በ70 ሴንቲ ሜትር የሆነ፣ 18 ሚሊ ሜትር የሚወፍር የበርች ፕላይውድ ወደ 16 ኪሎ ግራም ይመዝናል። 12 ሚሊ ሜትሩ 11 ኪሎ ግራም አካባቢ ነው፤ ነገር ግን ከሥሩ መሃል ላይ ደጋፊ ካልገባለት ይረግባል። ወርዳቸው 7፣ ውፍረታቸው 2 ሴንቲ ሜትር የሆኑ 15 የጥድ ርብራቦች ደግሞ በአንድ ላይ ሰባት ኪሎ ተኩል ቢሆኑ ነው፤ በመካከላቸውም ስድስት ሴንቲ ሜትር ገደማ ክፍተት ይተርፋል። ቺፑድን ከነጭራሹ አያስቡት፤ ከባድ ነው፣ እርጥበት ሲነካው ያብጣል፣ በመንገድ ንዝረት ብሎኑ ይላላበታል።

ክብደቱ ብቻ ቢሆን ኖሮ ነገሩ አያከራክርም ነበር። ዋናው እርጥበት ነው። የተኛ ሰው በትንፋሽና በላብ በአንድ ሌሊት ቢያንስ አንድ ብርጭቆ የሚሆን ውሃ ያወጣል። ካራቫን ጠባብ ነው፣ ከፍራሹ ሥር ያለው እንጨትም ቀዝቃዛ ነው። ሙቁ እርጥበት በፍራሹ ውስጥ ወደ ታች ያልፍና ቀዝቃዛውን ፕላይውድ ሲነካ ጤዛ ይሆናል። በብርድ ወቅት ጠዋት ፍራሹን ቀና አድርገው ሥሩን በመዳፍዎ ቢዳስሱት እርጥቡ ይነካዎታል። ይህ በየቀኑ ሲደጋገም መጀመሪያ ጥቋቁር ነጠብጣብ፣ ቀጥሎ ሽታ፣ በመጨረሻም የሚጣል ፍራሽ ይሆናል። ርብራብ ይህን በራሱ ይፈታዋል። በፕላይውድ የሚሠሩ ከሆነ ግን ሰፋፊ ቀዳዳዎችን በየ15 ሴንቲ ሜትሩ ይብሱበት፣ ከላዩም አየር የሚያሳልፍ ምንጣፍ ያንጥፉ። ርብራብ ላይ መጠንቀቅ የሚያስፈልገው ክፍተቱ ከ7 ሴንቲ ሜትር እንዳይበልጥ ነው፤ ከበለጠ ስፖንጁ በመካከል እየሰረጎደ ቶሎ ያልቃል።

የመደቡ ሸክም ወደ ወለል ይውረድ እንጂ ግድግዳ ላይ አይንጠልጠል። የብዙ ካራቫን ግድግዳ ስስ ነው፤ በስስ ሽፋኖች መካከል ያለው አብዛኛው ነገር ሙቀት መከላከያ ስለሆነ ብሎን የሚይዘው አጥንት ያለበት ቦታ ላይ ብቻ ነው። ረጅም ብሎን ደግሞ ወደ ውጭ ይበሳና ውሃ ያስገባል። አራት እግር ሠርቶ ወለሉ ላይ ማቆም ከዚህ ሁሉ ያድናል።

አናጺ የሚያሠሩ ከሆነ አንድ ነገር አጥብቀው ይጠይቁ፦ መደቡ በሦስት ቁራጭ ይሠራ፣ እያንዳንዱም ያለ ብሎን ተነሺ ይሁን። ምክንያቱ ከወንበሮቹ ሥር ያለው ነገር ነው። ብዙ ጊዜ የውሃ ታንከሩ፣ ባትሪው፣ የፊውዝ ሳጥኑ ወይም ማሞቂያው የሚገኘው እዚያ ነው። ፊውዝ በሌሊት ሲቃጠል ፍራሽና አንድ ወጥ ጣውላ አንስቶ መድረስ ፈተና ነው። ማሞቂያው እዚያ ካለ የሞቀ አየር መውጫውንና አየር መሳቢያውን ዕቃም ሆነ ፍራሽ መዝጋት የለበትም፤ በዙሪያው አምራቹ ባዶ ይሁን ያለው ቦታ ባዶ ይቆይ። አዲስ ባገኙት ማስቀመጫ ውስጥ ከባድ ዕቃ ሲያጭቁም ካራቫኑ መኪናው መንጠቆ ላይ የሚጥለውን ጫና ይመልከቱ። በብዙ ቦታ የሚመከረው ከጠቅላላ ክብደቱ ከ10 እስከ 15 በመቶ ነው፤ የአውሮፓ ካራቫኖች ከዚህ ባነሰ መጠን ይሠራሉና የራስዎን ካራቫን መመሪያ ይከተሉ። የመመገቢያ ጥጉ ከኋላ ከሆነ ያ ሁሉ ዕቃ ፊቱን አቅልሎ ካራቫኑን በመንገድ ላይ እንዲዋዥቅ ያደርገዋል።

የሚሳበው ርብራብ

አንድ ወንበር ይወጣል፣ ሌላው በግድግዳው ርዝመት ተዘርግቶ ይሠራል። ቀን ላይ 45 ወይም 50 ሴንቲ ሜትር ወርድ ያለው መቀመጫ ነው። ማታ የፊቱን ጠርዝ ወደ እርስዎ ሲስቡት ሁለት ማበጠሪያዎች ጥርስ ለጥርስ ገጥመው እንደሚላቀቁ ሁሉ ርብራቦቹ እርስ በእርስ እየተሳቡ ወርዱ 75 ወይም 80 ይደርሳል። የጀርባው ትራስ ወርዶ ክፍተቱን ይሞላል።

ቀን ላይ የወለል ቦታ የሚፈልግ ሰው፣ ለምሳሌ ውስጥ ተቀምጦ የሚሠራ ወይም ውሻ ይዞ የሚጓዝ፣ ይህን ቢመርጥ አልቃወምም። መጋጠሚያው አንድ ብቻ ነው፣ ያም በርዝመት ስለሚሄድ ወገብን አይቆርጥም። ነገር ግን በደንብ የሚሠራው አናጺ ይፈልጋል። ርብራቦቹ በጣም ከተጠጋጉ በእርጥበት ወቅት ያብጡና አይሳቡም፤ ሁለት ወይም ሦስት ሚሊ ሜትር መላወሻ ይተውላቸው። የሚሳበው ጠርዝ የራሱ እግር ይኑረው፤ በጉዞ ላይ እንዳይከፈትም መቆለፊያ ያስፈልገዋል። እነዚህ የጎደሉትን ዝግጁ ዕቃ ዋጋው ስለቀነሰ ብቻ አይግዙ።

ተጣጣፊ አልጋ

የብረት እግር ያለው ተጣጣፊ አልጋ ገዝቶ በባዶው ቦታ መዘርጋት ቀላል ይመስላል፤ የእንጨት ሥራ ለማይወድ ሰውም ያጓጓል። እኔን የሚያሳስበኝ ወንበሮቹን የማውጣቱ ነገር ነው። በአንዳንድ ቀላል ካራቫኖች ወንበሮቹና ቁም ሳጥኖቹ ግድግዳውን አጠንክረው የሚይዙ ስለሆኑ እነሱን ማውጣት ቤቱን ያላላል። ከዚያም አልጋው ካልታሰረ በድንገተኛ ፍሬን ጊዜ ወደ ፊት ይወረወራል፤ ቀጫጭን የብረት እግሮቹም ስሱን ወለል ይበሱታል። ወንበሮቹ ቀድመው ለተነሱበት አሮጌ ካራቫን ጊዜያዊ መፍትሔ ይሆናል። ከዚያ ያለፈ አልሰጠውም።

አሁን ፍራሽ

መደቡ ከተመረጠ በኋላ ፍራሹ ብዙ አያስቸግርም። ስፖንጅ ፍራሽ በውፍረቱ ብቻ አይመዘንም። በአንድ ሜትር ኩብ ከ30 እስከ 35 ኪሎ ግራም የሚመዝን እምቅ ስፖንጅ በ10 ወይም በ12 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ከ20 ሴንቲ ሜትር ልል ስፖንጅ ይበልጣል። 190 በ70 ሆኖ በ10 ሴንቲ ሜትር ሲሠራ ክብደቱ ከአራት እስከ አምስት ኪሎ ነው፤ ለካራቫን ሸክም አይሆንም። የካራቫኑ ጥግ ክብ ከሆነም በስል የዳቦ ቢላዋ በልኩ ይቆረጣል።

ሜሞሪ ፎም የሚባለው፣ እ.ኤ.አ. በ1966 ለናሳ የአውሮፕላን መቀመጫ ታስቦ የተሠራው ስፖንጅ፣ የሚለሰልሰው በሰውነት ሙቀት ነው። ማሞቂያ በሌለው ካራቫን ውስጥ በብርድ ሌሊት ሲተኙበት እንደ ጠንካራ ሰሌዳ ይቀበልዎታል፤ ከላይ በስሱ ካልሆነ አይመከርም። ላቴክስ የሚባለው የጎማ ስፖንጅ ይመቻል፣ ግን ይከብዳል። በአየር የሚነፋው ውስጡ ሙቀት መከላከያ ከሌለው በቀር ከሥር ያበርዳል። የስፕሪንግ ፍራሽ ወፍራምና ከባድ ነው፣ በካራቫኑ ልክም አይቆረጥም። የትኛውንም ቢገዙ ልብሱ ዚፕ ያለውና የሚታጠብ ይሁን።

ምሳ የት ይበላል?

ቋሚ መደብ የመረጠ ሰው ጠረጴዛ ያጣል፤ ብዙዎችን የሚያመነታቸው ይህ ነው። በግድግዳው አጥንት ወይም በወንበሩ ጎን ላይ በሚታሰር ዘንግ የሚዞር ትንሽ ጠረጴዛ ክፍተቱን ይሞላል፤ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጠው ወደ ፊትዎ ይስቡታል፣ ሲጨርሱ ወደ ግድግዳው ይመልሱታል። አንድ ሳህን፣ አንድ ኩባያና አንድ ኮምፒውተር ለሚይዝ ጠረጴዛ 40 በ60 ሴንቲ ሜትር ይበቃል። የድሮውን ጠረጴዛ፣ እግሩንና ትራሶቹን ግን አይጣሉ፤ በጨርቅ ጠቅልለው ደረቅ ቦታ ያስቀምጡ። ካራቫኑን የሚገዛ ቤተሰብ መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ እነሱ ነው፤ ሦስቱን የመደብ ቁራጭ አንስቶ የመመገቢያ ጥጉን ወደ ነበረበት መመለስም አንድ ሰዓት እንኳ አይፈጅም።