«ሙሉ መጽሐፍ» ተብሎ በቴሌግራም የሚሸጠውን የደሴት ልቦለድ ከመግዛታችሁ በፊት

ለልጆቻችሁ የክረምት ንባብ የምትፈልጉ ወላጆች፣ ሰሞኑን በቴሌግራም የሚዞረውን አንድ የጀብዱ ልቦለድ ተጠንቀቁ። የሚተርከው ቤል ኢል በተባለች የፈረንሳይ ደሴት ከነበረ የጠባይ ማረሚያ ስለሚያመልጡ ልጆች ነው። ሽፋኑ ላይ ገደል፣ ማዕበልና የሚሮጥ ልጅ አለ። ማስታወቂያው «በእውነተኛ ታሪክ ላይ የተመሠረተ፣ ሙሉ መጽሐፍ፣ ከ12 ዓመት በላይ» ይላል። 350 ብር በቴሌብር ላክሁ፤ ፒዲኤፉ ወዲያው መጣ።

ሙሉ አይደለም። ልጆቹ የጠባይ ማረሚያውን አጥር ዘለው ገደሉ አፋፍ ሲደርሱ «ይቀጥላል» ብሎ ያቆማል። ከሥሩ የክፍል ሁለት ዋጋ አለ፤ እሱም 350 ብር። ሻጩን ብጠይቀው «ክፍል አንዱ እኮ ሙሉ ነው» አለኝ። መልሱ አስቆኛል፣ ገንዘቤ ግን አልተመለሰም። ስጨቀጭቀው ብሎክ አደረገኝ። የደራሲም የተርጓሚም ስም የለውም፤ ከማን ተወስዶ እንደሚሸጥ እንኳ አይታወቅም።

ከብሩ በላይ ያናደደኝ «እውነተኛ ታሪክ» የሚለው ነው። ታሪኩማ አለ። ቤል ኢል ከፈረንሳይ ምዕራብ ጠረፍ ወጣ ብላ የምትገኝ ደሴት ናት። ከ1880 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የወንድ ልጆች ማረሚያ ነበረባት፤ የሰረቀ ብቻ ሳይሆን ጎዳና ላይ የተገኘም ወደዚያ ይላክ ነበር። ልጆቹ ሸራ መስቀልና ማውረድ የሚለማመዱት ግቢው ውስጥ ደረቅ መሬት ላይ በቆመ መርከብ ነበር። በኦገስት 1934 አንድ ልጅ ሾርባውን ሳይጨርስ አይቡን ነከሰ ተብሎ ተደበደበ። ጓደኞቹ አመፁ፣ ከሃምሳ በላይ ልጆችም አመለጡ። ግን ወዴት? ዙሪያው ባሕር ነው። በያንዳንዱ ልጅ 20 ፍራንክ ሽልማት ተቆረጠና ለእረፍት የመጡ ቱሪስቶች ሳይቀሩ ለአደን ወጡ። ማረሚያው እስከ 1977 ድረስ አልተዘጋም።

ከዚህ ሁሉ መጽሐፉ የወሰደው የደሴቲቱን ስም ብቻ ነው። አይቡም፣ ሽልማቱም፣ ቱሪስቶቹም የሉም። በምትካቸው በማረሚያው ዳይሬክተር መሳቢያ ውስጥ የወርቅ ካርታ ይገኛል። ልጆቹም በአንድ ሌሊት ዋኝተው ዋናው ምድር ለመድረስ ያቅዳሉ፤ ርቀቱ 15 ኪሎ ሜትር ገደማ መሆኑን ጸሐፊው ያየ አይመስልም።

የግድ ልግዛ ካላችሁ፣ ከመክፈላችሁ በፊት የማውጫውንና የመጨረሻውን ገጽ ፎቶ ጠይቁ። ማስታወቂያውን ስክሪንሾት አድርጋችሁ ያዙ፤ በኋላ ሊጠፋ ይችላል። ሻጭ ስለሚሸጠው ዕቃ ትክክለኛ መረጃ እንዲሰጥ የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ያስገድደዋል፤ ነገር ግን ደረሰኝ በሌለበት፣ የስልክ ቁጥር ብቻ ይዞ ማንን መክሰስ ይቻላል?

ትናንት በባለቤቴ ስልክ ቻናሉን አየሁት። «ሙሉ መጽሐፍ» የሚለው እንዳለ ነው፤ ዋጋው ግን 400 ገብቷል።