የፈተና ድርሰት፦ ነድፎ መጻፍ ወይስ በቀጥታ መጀመር?

የተሰጠው ጊዜ 40 ደቂቃ ነው እንበል። አጠገብዎ ያለው ተፈታኝ ጥያቄውን አንብቦ ሳይጨርስ ብዕሩን ያስሮጣል። እርስዎስ?

ጊዜ፦ ንድፍ አምስት ወይም ስድስት ደቂቃ ይወስዳል። በቀጥታ መጻፍ መጀመሪያ ላይ ምንም አያስከፍልም፤ ዕዳው የሚመጣው ሦስተኛው አንቀጽ ላይ፣ «ቀጥሎ ምን ልበል?» ተብሎ ብዕር ሲነከስ ነው።

ቅለት፦ እዚህ በቀጥታ መጻፍ ይበልጣል። ለደነገጠ ሰው እጁ መንቀሳቀሱ ብቻውን ያረጋጋል።

ስጋት፦ ነዳፊው ንድፉን ሲያሳምር ጊዜው ሊያልቅበት ይችላል። ቸኳዩ ደግሞ ከጥያቄው ይወጣል፤ ይህኛው ይብሳል ባይ ነኝ። ጥያቄው «የከተሞች መስፋፋት ጉዳቱ ከጥቅሙ ያመዝናልን?» ከሆነ፣ ቸኳዩ ከተሞች እንዴት እንደተቆረቆሩ ሲተርክ ሁለት ገጽ ይሞላል፤ ያመዝናል ወይም አያመዝንም ሳይል ሰዓቱ ይደወላል። ነዳፊው የወረቀቱ ጥግ ላይ እንዲህ ይጭራል፦

አቋም፦ ያመዝናል
1. የእርሻ መሬት
2. ውሃ
ተቃራኒ፦ የሥራ ዕድል፤ ምላሽ

በቃ። ሙሉ ዓረፍተ ነገር ከተጻፈበት ንድፍ መሆኑ ቀርቶ ሁለተኛ ድርሰት ይሆናል።

አከራካሪ ወይም ሁለት ክፍል ላለው ጥያቄ ንድፍ ይሻላል። ለአጭር መልስና ለራስ ገጠመኝ ትረካ በቀጥታ መጀመር አይጎዳም። በኮምፒውተር የሚፈተን ሰውም አንቀጽ ማዘዋወር ስለሚችል፣ ሳይነድፍ ቢጀምር በወረቀት ከሚጽፈው ያነሰ ይቀጣል።