የትኋን ርጭት በዳር ሰፈሮች፦ ሁለተኛ ዙር ከሌለው አይከፈልበትም

«ትኋን፣ በረሮ፣ አይጥ እናጠፋለን» የሚለው ወረቀት በአዲስ አበባ ዳርቻ ኮዬ ፈጬም ሆነ ቱሉ ዲምቱ፣ የካ አባዶም ሆነ ጀሞ ምሰሶና አጥር ላይ ተለጥፎ ይገኛል። አገልግሎቱም ከሞላ ጎደል አንድ ዓይነት ነው፤ የጀርባ ፓምፕ ያዘለ ሰው ይመጣል፣ ክፍል ቆጥሮ ዋጋ ይጠራል፣ ረጭቶ ይሄዳል። በማግስቱ የረገፈው ትኋን ተጠርጎ ይደፋል። ሦስት አራት ሳምንት ቆይቶ ማሳከኩ እንደገና ሲጀምር ቤተሰቡ «አጭበረበረን» ይላል። አንዳንዴ እውነት ነው። ብዙ ጊዜ ግን የተሸጠው ሥራ ከመጀመሪያውም ግማሽ ነበር።

ምክንያቱ እንቁላሉ ነው። ለቤት ርጭት የሚውሉት እንደ ዴልታሜትሪን፣ ሳይፐርሜትሪንና ላምዳ ሳይሃሎትሪን ያሉ መድኃኒቶች የሚሄደውን ትኋን ይገድላሉ፤ እንቁላሉን ግን እምብዛም አይነኩትም። 1 ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነው ነጭ እንቁላል በእንጨት ስንጥቅ ውስጥ ተጣብቆ ርጭቱን ያሳልፋል። ሞቃት ክፍል ውስጥ ከ6 እስከ 10 ቀን ይፈለፈላል። የእኛ ዳር ሰፈር ግን ብርዳም ነው፤ የክፍሉ ሙቀት ወደ 18 ዲግሪ ሲወርድ መፈልፈያው ወደ 3 ሳምንት ይዘገያል። ስለዚህ በበጋ ሁለተኛው ርጭት በ14ኛው ቀን ቢሆን ያስኬዳል፣ በክረምት ግን እስከ 21ኛው ቀን መቆየት ይሻላል። የተፈለፈለው ልጅ እንቁላል ለመጣል አምስት ጊዜ ቆዳውን መቀየር፣ በየመሃሉም ደም መጥባት ስላለበት በዚያ ጊዜ ውስጥ አይደርስም። ስትዋዋሉ ሁለቱንም ዙር በአንድ ዋጋ ተስማሙ፤ ግማሹን ክፍያ ለሁለተኛው ዙር ቀን አስቀሩ። «አንዴ ከረጨሁ በቃ» የሚል ባለሙያ ሥራውን አያውቀውም።

ከዚያ ጠርሙሱን ጠይቁ። መለያው ላይ የመድኃኒቱ ስም፣ ለቤት ውስጥ የተፈቀደ መሆኑና በስንት ሊትር ውኃ እንደሚበጠበጥ ተጽፎ ይገኛል። በሃይላንድ ጠርሙስ የተገለበጠ፣ ስሙ የማይነገር ነገር ከመጣ ሰውየውን አመስግናችሁ ሸኙት። ከእርሻ መድኃኒት ሱቅ የሚገዛው ማላታይን ለመኝታ ክፍል አይደለም፤ ማላብ፣ ምራቅ መብዛትና ማስመለስ ካስከተለ የተመረዘውን ሰው ወደ ንጹሕ አየር አውጥቶ ከነጠርሙሱ ሐኪም ቤት መውሰድ ነው። ከሁሉ የከፋው ለነቀዝ እህል ውስጥ የሚጨመረው ክኒን ነው። እርጥበት ሲያገኝ ፎስፊን ጋዝ ይለቃል፣ ማርከሻም የለውም። ጋዙ በስንጥቅ አልፎ ጎረቤት የተኛ ሕፃን ሊገድል ይችላል። ትኋን ለማጥፋት ይህን ክኒን ቤት ውስጥ የሚያደርግ ሰው በምንም ዋጋ አይጠራ።

ጥሩ ረጪ ግድግዳውን ከመርጨቱ በፊት አልጋውን ያስፈታል። ርብራቡ ተነስቶ፣ ራስጌው ከግድግዳ ተላቆ፣ መገጣጠሚያና የብሎን ቀዳዳ ሁሉ እስኪረጥብ ይረጫል፣ እስኪንጠባጠብ ግን አይደለም። የብረት አልጋ ቱቦ ጫፉ ክፍት ከሆነ ውስጡ ተረጭቶ ይደፈናል። ሶኬት ውስጥ ፈሳሽ አይረጭም! ኮንዶሚኒየም ላይ ትኋን በመብራት መስመር ቱቦ ወደ ጎረቤት ስለሚሻገር ከጎን፣ ከላይና ከታች ያሉት አብረው ቢያስረጩ ይመረጣል። የጭቃ ቤት ሌላ ጣጣ አለው። ያልተቀባ ጭቃ መድኃኒቱን ወደ ውስጥ ይመጠዋል፣ ላዩ ላይ የሚቀረው ጥቂት ነው። ስንጥቁ ከርጭቱ በፊት ተመርጎ ይድረቅ፤ ከርጭቱ በኋላ መለሰንም ኖራ መቀባትም ገንዘቡን መቅበር ነው። የማዳበሪያ ኮርኒስ ካለ ጠርዙ አይረሳ።

መሶብ፣ ምጣድና የልጆች ዕቃ ቀድመው ይውጡ። ቤቱ ቢያንስ 4 ሰዓት ተዘግቶ፣ ከዚያ ተናፍሶ፣ እስኪደርቅ ሰው አይግባ፤ ድመትም እንዲሁ። ከዚያ በኋላ የግድግዳውን ሥርና የአልጋውን እግር ለሁለት ሳምንት አትወልውሉ። ደግሞም እዚያው አልጋ ላይ ተኙ። ሳሎን ሶፋ ላይ መሸሽ ትኋኑን ወደ ሶፋው መጥራት ነው፤ ክፍሉን ባዶ ብትተዉትም ሳይበላ ለወራት ይቆያል። ሦስት ቀን አልፎ የተረጨው እንጨት ላይ ትኋን እንደ ልቡ ሲሄድ ከታየ መድኃኒቱን ተላምዶት ሊሆን ይችላል፤ ያኔ መጠኑን ማብዛት ሳይሆን የመድኃኒቱን ዓይነት መቀየር ያስፈልጋል።

እንቁላሉን በእርግጥ የሚገድለው ሙቀት ነው፤ እኔ ከርጭቱ ይልቅ በዚህ እተማመናለሁ። በ48 ዲግሪ እንቁላሉ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ይፈልጋል፣ ከ55 በላይ ግን ወዲያው ያልቃል። አዲስ አበባ ከፍታዋ ውኃን በ92 ዲግሪ ገደማ ቢያፈላም ይበቃል። የጣውላ ርብራብ ደጅ አውጥቶ የፈላ ውኃ ማፍሰስ ነው፤ ኤምዲኤፍ ግን ያብጣልና አይሞከር። ለፍራሽና ለሶፋ የእንፋሎት ማሽን ይዘው የሚመጡ አጣቢዎች አሉ። ሥራቸው የሚለካው በእጃቸው ፍጥነት ነው፤ 30 ሴንቲ ሜትር ስፌት ለማለፍ ከ10 እስከ 15 ሰከንድ ካልፈጀ እንፋሎቱ ጨርቁን ብቻ አሙቆ ያልፋል። ፍራሽ ፀሐይ ላይ ማስጣት ብዙ አይረዳም፤ አንዱ ጎን ሲሞቅ ትኋኑ ወደ ሌላው ይዞራል። ጋቢና አንሶላ በፈላ ውኃ ይዘፍዘፍ።

ከሱቅ የሚገዛው ፍሊትም ሆነ ለበረሮ የሚሰመረው ጠመኔ ያገኘውን ሲገድል ያላገኘውን ይበትናል። ነጭ ጋዝ የነካውን ይገድላል፣ ሲደርቅ ምንም አይተውም፤ ስፖንጅ ፍራሽ ላይ ደግሞ እሳት መጋበዝ ነው።

ከሁለተኛው ዙር በኋላ አልጋውን ከግድግዳ 15 ሴንቲ ሜትር አርቁና እያንዳንዱን እግር ውስጡ ለስላሳ በሆነ የፕላስቲክ ሳሕን ውስጥ አቁሙ፤ ውስጡን የሕፃን ፓውደር ቀቡት። ትኋን መውጣት ስለማይችል እዚያው ይቀራል። ብርድ ልብሱ መሬት ከነካ ግን ሳሕኑ ዋጋ የለውም። በየሳምንቱ ተመልከቱት፤ ሕያው ትኋን ከተገኘ ሦስተኛ ዙር ያለ ተጨማሪ ክፍያ እንዲደረግ ውሉ ላይ ቀድሞ ይጻፍ።