ኤምጂ ቢ በጅማ፦ ከ14 ወር በኋላ

ጠዋት የመኪናዬን ቁልፍ ስከፍት መጀመሪያ የምሰማው ሞተሩን አይደለም። ከመቀመጫው ኋላ በስተቀኝ «ጠክ ጠክ ጠክ» የሚል ድምፅ ነው። የቤንዚን ፓምፑ ነው። ቤንዚንና አየር የሚቀላቅሉት ካርቦራተሮች እስኪሞሉ ይመታል፤ ሲሞሉ ዝም ይላል። መምታቱን ካላቆመ ወይ ቤንዚን አልቋል፣ ወይ አንዱ ቱቦ አየር ይስባል። ጭራሽ ካልመታ ደግሞ ውስጡ ያለው የኤሌክትሪክ መገናኛ ቆሽሿል። አሁን አሁን ጆሮዬ ይህን ድምፅ እንደ ቡና ሙቀጫ ለምዶታል። አንድ ምት ሲዘገይ ይገባኛል።

መኪናዋ የ1965 እ.ኤ.አ. ኤምጂ ቢ ናት። ሁለት ሰው ትጭናለች፣ ጣሪያዋ ሸራ ነው። ይህች ሞዴል እንግሊዝ አገር አቢንግደን በምትባል ከተማ ከ1962 እስከ 1980 እ.ኤ.አ. ተሠርታለች። ሞተሯ አራት ሲሊንደር፣ 1,798 ሲሲ ነው። መሪዋ በግራ ነው። አገራችን መንገድ በግራ ከመያዝ በቀኝ ወደ መያዝ የተሻገረችው በ1956 ዓ.ም. ስለሆነ፣ የእኔዋ የተሠራችው ከዚያ በኋላ ነው። አዲስ አበባ ገዛኋት። ጅማ የገባችው ግን በአይሱዙ ተጭና ነው፤ 350 ኪሎ ሜትር ነድቼ ለማምጣት ልቤ አልደፈረም። ከዚያ ወዲህ በራሷ እግር 3,850 ማይል ሄዳለች። መቁጠሪያዋ በማይል ነው፤ ወደ 6,200 ኪሎ ሜትር ይሆናል።

ጥገናውን የሠራሁት ወደ ጂሬን መውጫ ባለው ግቢዬ፣ በቆርቆሮ ጥላ ሥር ነው። ውጭ ያሠራሁት ብየዳ፣ ቶርኖና ሸራ ብቻ ነው። ጎረቤቴ ጡረታ የወጡ መካኒክ ናቸው፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ ትራክተር ሲጠግኑ ኖረዋል። ቅዳሜ ቅዳሜ በርጩማቸውን ይዘው ይመጣሉ። እሳቸው ባይኖሩ ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ስለ ሌላ መኪና ነበር።

እንዲህ ዓይነት መኪና ሊገዛ ለሚያስብ ሰው መጀመሪያ የምለው፦ ከመኪናዋ በፊት ቁልፍ ግዛ። ቡሎኖቿ የሚለኩት በኢንች ነው። እዚህ የሚገኘው ቁልፍ ሁሉ ደግሞ በሚሊ ሜትር ነው። ግማሽ ኢንች ማለት 12.7 ሚሊ ሜትር ነው። 13 ቁልፍ ይገባል፣ ግን ይላወሳል። አንዴ ሁለቴ ይፈታል፤ በሦስተኛው የዳዶውን ጠርዝ ይበላውና ክብ ያደርገዋል። 9/16 ደግሞ 14.3 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። 14 አይገባም፣ 15 ይሽከረከራል። በመጀመሪያው ወር አራት ዳዶ በመሮ ቆርጬ አውጥቻለሁ። ያን ያዩት ጎረቤቴ በማግስቱ አንድ የቆሸሸ የጨርቅ ከረጢት ይዘው መጡ።

«ልጄ፣ የድሮ ትራክተር ቁልፍ ነው። እንግሊዝ ለእንግሊዝ ይግባባል» አሉኝ።

7/16፣ 1/2፣ 9/16 ሦስቱም አሉበት። የመኪናዋ ሥራ አብዛኛው በእነዚህ በሦስቱ ያልቃል።

ካርቦራተሩ ብዙ ያስተማረኝ ነገር ነው። አዲስ አበባ ላይ ጸጥ ብላ ትሠራ ነበር። ጅማ ከገባች በኋላ ግን ጠዋት ጠዋት በካርቦራተሩ በኩል ትተኩሳለች፣ ዳገት ላይ ትደክማለች። ካንዴላ ፈትቼ አየሁ፤ ጫፉ ነጭ ሆኗል። ነጭ ማለት ቤንዚን አንሷታል ማለት ነው። ምክንያቱን ለማግኘት ሦስት ቀን ፈጀብኝ። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ ጅማ ከእሷ ወደ 600 ሜትር ዝቅ ትላለች። ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ የቀድሞው ባለቤት ቤንዚኑን በዚያው ልክ ቀንሶላታል። እዚህ አየሩ ወፈር ይላል፤ ያው የቤንዚን መጠን አልበቃ አላት። ወደ ጊቤ በረሃ ብወርድ ደግሞ ይብስባት ነበር።

ኤስዩ የተባለ ዓይነት ሁለት ካርቦራተር አላት። መጀመሪያ ሁለቱ እኩል መተንፈስ አለባቸው። ጎረቤቴ የአንድ ሜትር የጎማ ቱቦ ቆረጡና አንዱን ጫፍ ጆሮዬ ላይ፣ ሌላውን የፊተኛው ካርቦራተር አፍ ላይ ያዙት። «ስማ» አሉ። ያፏጫል። ወደ ኋለኛው ወሰዱት። እሱ ወፍራም ትንፋሽ ነው። የአየር ማስተካከያውን ብሎን በጥቂት በጥቂቱ እያዞርን የሁለቱን ፉጨት አንድ አደረግነው። ሌላ መሣሪያ አላስፈለገም።

ከዚያ ቤንዚኑ። ሞተሩ በደንብ ይሙቅ። በካርቦራተሩ ውስጥ ከፍ ዝቅ የሚል ፒስተን አለ፤ በቀጭን ካቻቢቴ ከ1 ሚሊ ሜትር ያነሰ ከፍ ታደርጉታላችሁ። ሞተሩ ሊጠፋ ካለ ቤንዚን አንሷል። ዙሩ ጨምሮ እዚያው ከቀረ በዝቷል። ለአፍታ ከፍ ብሎ ወደ ቦታው ከተመለሰ ልክ ነው። የሚስተካከለው ከሥር ባለው ዳዶ ነው፤ ወደ ታች ሲወርድ ቤንዚን ይጨምራል፣ ወደ ላይ ሲወጣ ይቀንሳል። በአንድ ጊዜ አንድ ጠርዝ ብቻ፣ ማለትም የአንድ ዙር ስድስተኛ። የእኔዋ በሁለት ጠርዝ ተስተካከለች። በሳምንቱ ካንዴላውን ፈትቼ ሳየው የተቆላ ቡና መልክ ይዟል፤ ቀለል ብሎ የተቆላ፣ ያልጠቆረ። የተፈለገውም ያ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። በካርቦራተሩ አናት ላይ ያለችውን ትንሽ ክዳን አትርሷት። ውስጧ የሞተር ዘይት ይጨመራል። ዘይቱ ካለቀ ቤንዚን ስትረግጡ መኪናዋ ለአፍታ ትደናቀፋለች። ለዚህ ስህተት ካንዴላ የቀየረ ሰው አውቃለሁ። በየወሩ አንድ ማንኪያ የማይሞላ ዘይት ይበቃታል።

የቫልቭ ክፍተትም፣ ማለትም በቫልቩና በሚገፋው ክንድ መካከል ያለው ርቀት፣ ቤት የሚስተካከል ነው። ልኩ 0.38 ሚሊ ሜትር ነው። ካንዴላዎቹን ትፈታላችሁ፣ አራተኛ ማርሽ ታስገባላችሁ፣ መኪናዋን በእጅ ስትገፉ ሞተሩ ይዞራል። ስምንት ቫልቭ አለ፤ የተከፈተውና የሚለካው ቫልቭ ቁጥር ተደምሮ ሁልጊዜ ዘጠኝ ይሙላ። ስምንተኛው ሙሉ በሙሉ ሲከፈት አንደኛውን ለኩ፤ ሰባተኛው ሲከፈት ሁለተኛውን። ይህን ሕግ ከተማርኩ ወዲህ ሥራው ከአንድ ሰዓት አያልፍም። በየሦስት ወሩ የምለካው ግን በሌላ ምክንያት ነው። ይህ ሞተር የተሠራው እርሳስ ላለበት ቤንዚን ነው። በዛሬው ቤንዚን የጭስ መውጫ ቫልቮቹ መቀመጫቸውን ቀስ በቀስ ሊበሉት ይችላሉ፤ ሲበሉት ክፍተቱ ይጠባል። እስካሁን አልጠበበም። የምነዳት በዝግታ ስለሆነ ይመስለኛል።

አሁን ስላናደደኝ ነገር። የዚህ ዘመን ኤምጂ ቢ ባትሪ የሚታሰረው በተቃራኒ ነው፤ ከቦዲ ጋር የሚገናኘው ፖዘቲቩ ነው። ከመቀመጫዎቹ ኋላ ሁለት ባለ 6 ቮልት ባትሪዎች ነበሯት። ጅማ ላይ ፈልጌ ስላጣሁ በአንድ አነስተኛ ባለ 12 ቮልት ተካኋቸው። አንድ ቀን ባትሪውን ቻርጅ እንዲደረግ ሰጠሁ። ሠራተኛው መልሶ ሲያስር እንደ ለመደው ጥቁሩን ቦዲ ላይ አሰረው። እኔ ጎኑ ቆሜ ስልክ አወራ ነበር። ቁልፉን ስከፍት የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተኝ። የቀድሞው ባለቤት ያስገባው ራዲዮ አለቀ። በሙያው ያለ ሰው ከማሰሩ በፊት ቢጠይቅ ምን ነበረበት? ያኔ ብዙዎች ወደ ተለመደው አስተሳሰር ቀይረው ብለው መክረውኛል። የዙር መለኪያዋ ውስጥ ትራንዚስተር ስላለ እሱም ከውስጥ መቀየር ነበረበት። ተውኩት። በምትኩ የባትሪው ክዳን ላይ በቀይ ቀለም «ፖዘቲቭ ወደ ቦዲ!» ብዬ በትልቁ ጻፍኩ። ከዚያ ወዲህ ማንም አልተሳሳተም።

ሽቦዎቿ ራሳቸው ደህና ናቸው። መከራ ያሳዩኝ በኋላ የተቀጣጠሉት ናቸው። ከክሩስኮቱ ሥር በፕላስተር የተጠቀለሉ አሥራ አንድ ቅጥያዎች አገኘሁ። ስድስቱ ወዴትም አይሄዱም። እነሱን አንስቼ፣ ከቦዲ ጋር የሚገናኙትን ነጥቦች ሁሉ በሸካራ ወረቀት እስኪያበሩ ስጠርግ የፊት መብራቱ ሌላ መኪና መሰለ።

የጅማ ዋናው ጠላት ግን ዝናብ ነው። እዚህ ክረምት ቶሎ ይገባል፣ ቶሎም አይወጣም። ኤምጂ ቢ ለብቻው የቆመ ሻሲ የላትም። ጭነቱን ከሚሸከሙት ዋነኞቹ በበሮቹ ሥር የሚሄዱት ባዶ የብረት ሳጥኖች ናቸው። ከታች ውሃ የሚወጣባቸው ትንንሽ ቀዳዳዎች አሏቸው። ጭቃ ሲደፍናቸው ሳጥኑ ውሃ ያቁራል፣ ብረቱ ከውስጥ ይበሰብሳል፣ ከውጭ ግን ቀለሙ ያምራል። ሐምሌ ላይ ሥሯ ተኝቼ ቀዳዳውን በቀጭን ሽቦ ወጋሁት። የሻይ ቀለም ያለው ውሃ በክንዴ ላይ እስከ ብብቴ ወረደ። ብዛቱ አንድ ጆግ ይሆናል። በስተግራ በኩል የመዳፍ ስፋት ያህል ብረት አልቆ ነበርና አስቆርጬ አስበየድኩ።

ስትገዙ ይህን ፈትኑ፦ መኪናዋን በክሪክ አንሱና በሩን ክፈቱ። በሩ ከመቃኑ ጋር ከተነካካ ወይም መዝጋት ካስቸገረ ሳጥኑ ደክሟል። ዋጋው ምንም ያህል ቢረክስ ተዉት። ደግሞ ክሪክ ብቻ አምናችሁ ሥሯ አትግቡ፤ ከብረት የተሠራ መደገፊያ ይኑራችሁ።

ለሳጥኖቹ የሠራሁት መከላከያ የአካባቢያችን ነው። ከማር ነጋዴ ሰም ገዛሁ። በፈላ ውሃ ላይ በተቀመጠ ጣሳ አቀለጥኩት፤ ቀጥታ እሳት ላይ አይደረግም። ከሞተር ዘይት ጋር ቀላቅዬ በሙቀቱ በቀለም መርጫ ነፋሁት። ሁለት ክረምት ገና አላለፈበትም፤ ግን ባለፈው ወር በካሜራ ሳየው ብረቱ ላይ እንደ ቆዳ ተለጥፏል። በየወሩም ቀዳዳዎቹን በሽቦ እጠርጋለሁ። የፊት እግሯ ላይ ያሉትን ስድስት የግራሶ ጡቶችም በዚያው ቀን እሞላለሁ። መጽሐፉ በ3,000 ማይል አንዴ ይላል። የኛን ጭቃ አያውቀውም።

ሸራውን የጭነት መኪና ሸራ የሚሰፉ ሰው ሰፉልኝ። ወፍራም ነው፣ አይታጠፍም ሊባል ይችላል፣ ግን ጠብታ አያስገባም። ጎማዎቿ ባለ ሽቦ ቸርኬ ስለሆኑ ከመነዳሪ ይፈልጋሉ። ጎሚስታ ቤት ስሄድ ቆሜ ነው የማሠራው። የመሀሉ ትልቅ ዳዶ የግራውና የቀኙ አፈታት ተቃራኒ ነው፤ ያላወቀ ሰው በመዶሻ ሲያጠብቀው ይውላል።

አንደኛ ማርሿ መኪናዋ ካልቆመች አይገባም። የዚያ ዘመን ካምቢዮ እንዲህ ነው። ከፊት ለፊት ባጃጅ እየተግተለተለ የጂሬንን ዳገት ስወጣ ቢያስቸግረኝም ለምጄዋለሁ፤ በሁለተኛ ማርሽ እቆያለሁ፣ ካልሆነ ቆሜ እነሳለሁ። ቤንዚን በ100 ኪሎ ሜትር 11 ሊትር ገደማ ትጠጣለች።

መለዋወጫ እንደፈራሁት አልሆነም። ጓርኒሲዮን፣ የፍሬን ጎማ፣ የፓምፕ መገናኛ ከውጭ የሚመጣ ሰው ሻንጣ ውስጥ ይገባል። የእግር ቡሽ ቶርኖ ቤት ከነሐስ ተቀርጾልኛል፤ ከመጣው በምንም አያንስም። የጠፋው ጊዜዬ ነው። በሳምንት ግማሽ ቀን፣ ሳይዘለል። ሁለት ሳምንት የዘለልኩ ጊዜ በሦስተኛው መንገድ ላይ አስቀርታኛለች። ይህን ጊዜ መስጠት ለማይችል ሰው በፍጹም አልመክራትም። ለእኔ ግን እሑድ ጠዋት ሸራውን አጥፌ ወደ አጋሮ ስወጣ፣ መንገዱ በቡናው ጥላ ሲቀዘቅዝና ጉም ገና ሳይነሳ፣ ያ ግማሽ ቀን አንድም ጊዜ አልቆጨኝም።

አሁን የኋላ ግራው አሞርዛተር ዘይት እያንጠባጠበ ነው። ቅዳሜ እናወርደዋለን። ጎረቤቴ ከረጢታቸውን ከወዲሁ እኔ ቤት አሳድረዋል።