ዳሃብ ወይስ ዲያኒ? ዳይቪንግ ለመማር ቦርሳ አዝለው ለሚወጡ

ባለፉት ወራት ሦስት ሰዎች አንድ ዓይነት ጥያቄ ጠየቁኝ። ሦስቱም የአዲስ አበባ ልጆች ናቸው። ቦርሳ አዝለው ወጥተው በትንሽ ገንዘብ ስኩባ ዳይቪንግ (የአየር ሲሊንደር አዝሎ ባሕር ውስጥ መጥለቅ) መማር ይፈልጋሉ፤ የሚያማርጡትም ግብፅ ያለችውን ዳሃብንና ኬንያ ያለችውን ዲያኒን ነው። እኔ ኮርሱን የወሰድኩት ዳሃብ ነው። ዲያኒ ደግሞ ከዚያ በኋላ ሁለት ጊዜ ሄጄ ጠልቄያለሁ። ለእያንዳንዱ ሰው በስልክ ከምደጋግመው አንዴ ልጻፈው።

ኮርሱ ሁለቱም ቦታ ያው ነው። የጀማሪው ኮርስ ኦፕን ዋተር ይባላል፤ ሦስት ወይም አራት ቀን ይፈጃል፤ ሲያልቅ እስከ 18 ሜትር መጥለቅ የሚያስችል ካርድ ይሰጣችኋል። ንድፈ ሐሳቡን እዚሁ ቤታችሁ ሆናችሁ በስልክ መጨረስ ትችላላችሁ፤ እንዲያውም ጨርሳችሁ ሂዱ፣ ባሕር ዳር ሄዶ ክፍል ውስጥ ቪዲዮ ማየት ያሳዝናል። "ፓዲ ይሻላል ኤስኤስአይ?" የሚለው ጥያቄ ብዙ አያስጨንቃችሁ፤ ሁለቱም ካርዱን የሚሰጡ ድርጅቶች ናቸው። የሁለቱም ካርድ በየትኛውም አገር ይሠራል። የሚለያየው አስተማሪው ነው።

ሁለቱም ቦታ 200 ሜትር እንድትዋኙ (ሰዓት አይያዝባችሁም) እና ለ10 ደቂቃ ሳትሰምጡ እንድትንሳፈፉ ይጠይቋችኋል። ይህን እዚሁ ተለማመዱ። ግዮን ገንዳ፣ ላንጋኖ፣ የትም ይሁን። እኔ መዋኘት የተማርኩት ካደግኩ በኋላ ነው፤ ከጉዞው በፊት ሁለት ወር ቅዳሜ ቅዳሜ ገንዳ ባልሄድ ኖሮ የመጀመሪያው ቀን ላይ ነበር የምቀረው።

ውሃው ውስጥ እንዴት ትገባላችሁ?

ለእኔ ትልቁ ልዩነት ይሄ ነው፤ ዋጋ ከማወዳደራችሁ በፊት ይህን አስቡበት።

ዳሃብ ላይ ለጀማሪ ጀልባ አያስፈልግም። ሲሊንደሩን ተሸክማችሁ ከካፌዎቹ ፊት ለፊት በእግራችሁ ወደ ባሕሩ ትገባላችሁ። ላይትሃውስ የሚባለው ቦታ ላይ ዳሩ አሸዋ ነው፣ ጥልቀቱም ቀስ እያለ ነው የሚጨምረው። ማስክ ውስጥ ውሃ አስገብቶ ማስወጣት፣ ሬጉሌተሩን (የሲሊንደሩን አየር የምትተነፍሱበትን ዕቃ) ከአፍ አውጥቶ መልሶ መክተት፣ እነዚህን የሚያስፈሩ ልምምዶች የምትሠሩት መቆም በምትችሉበት ውሃ ውስጥ ነው። ከደነገጣችሁ ቀጥ ብላችሁ ትቆማላችሁ፣ አለቀ። ሐይቅ እንጂ ባሕር ሳያይ ላደገ ሰው የዚህ ዋጋ በገንዘብ አይተመንም።

ዲያኒ ላይ የመጀመሪያውን ልምምድ አብዛኛውን ጊዜ ገንዳ ውስጥ ትሠሩና ከዚያ በጀልባ ኮራል ከሚባለው የባሕር ውስጥ ዓለት ማዶ ትወጣላችሁ። ጀልባው ጠርዝ ላይ ትቀመጣላችሁ፣ ማስኩን በእጃችሁ ትይዛላችሁ፣ ወደ ኋላ ትወድቃላችሁ። ከሥራችሁ የሚቆምበት መሬት የለም። ማዕበል ካለ ጀልባው ላይ እያላችሁ ሊያቅለሸልሻችሁ ይችላል፤ የመኪና መንገድ የሚያስመልሳችሁ ሰዎች ኪኒናውን አስቀድማችሁ ዋጡ። ግን ደግሞ ውሃ የማይፈራ ሰው ይህን ይወደዋል። እኔ ዲያኒ ለመጀመሪያ ጊዜ ስጠልቅ ትልቅ የባሕር ኤሊ ሁለት ሜትር አጠገቤ ቁጭ ብሎ ሲበላ ያየሁበትን ጠዋት እስካሁን አልረሳውም።

ጥራቱን ካነሳን የዳሃብ ውሃ ብዙ ቀን 20 ሜትርና ከዚያ በላይ ያሳያል። የዲያኒው እንደ ነፋሱና እንደ ዝናቡ ነው። ቀይ ባሕር ደግሞ ጨዋማ ነው፤ ሕንድ ውቅያኖስ በአንድ ኪሎ ውሃ ውስጥ 35 ግራም ገደማ ጨው ሲኖረው የአቃባ ባሕረ ሰላጤ 40 ገደማ አለው። ስለዚህ ዳሃብ ላይ ሰውነታችሁ የበለጠ ይንሳፈፋል፣ እንድትሰምጡ ወገባችሁ ላይ የሚታሰረው የእርሳስ ብረት ክብደትም ይጨምራል። ስንት ኪሎ እንዳሰራችሁ የመጥለቅ መዝገባችሁ ላይ ጻፉ፤ ሌላ ቦታ ስትሄዱ ይጠቅማችኋል።

ጆሮን በተመለከተ ሁለቱም እኩል ናቸው። የአባይን በረሃ በመኪና ስትወርዱ ጆሯችሁ ድፍን የሚለው ነገር፣ ውሃ ውስጥ ገና ሁለት ሦስት ሜትር ላይ ይጀምራል፣ 10 ሜትር ላይ ግፊቱ ከላይ ካለው እጥፍ ይሆናል። ሳያማችሁ በፊት አፍንጫን ይዞ ቀስ ብሎ በመንፋት ጆሮን ቶሎ ቶሎ መክፈት ነው። ጉንፋን ካለባችሁ አትግቡ። አንድ ትምህርት ቤት፣ ስሙን አልጠራም፣ አፍንጫዬ ተዘግቶ እያለ "ምንም አይልህም፣ ግባ" ብሎኝ ገብቼ ለአንድ ሳምንት በግራ ጆሮዬ በደንብ አልሰማሁም። "ነገ ይሁንልኝ" ማለት መብታችሁ ነው።

መንገዱና ቪዛው

እዚህ ላይ ዲያኒ በሰፊው ይበልጣል። በኢትዮጵያ ፓስፖርት ኬንያ ለመግባት ቪዛ አያስፈልግም። ለግብፅ ግን ያስፈልጋል፤ አስቀድማችሁ ኤምባሲ ሄዳችሁ ነው የምትጨርሱት። ኢንተርኔት ላይ "ሲናይ በነጻ ማኅተም ይገባል" የሚል ነገር ታነባላችሁ፤ እሱ ለአውሮፓ፣ ለአሜሪካና ለመሳሰሉት ፓስፖርቶች ነው። እናንተ በሐበሻ ፓስፖርት አትሞክሩት። እስራኤል የምትኖሩ ወገኖች ግን ከኤይላት በታባ በኩል በየብስ መውረድ ስለምትችሉ ዳሃብ ለእናንተ ቅርብ ነው።

ቦርሳ ያዘለ ሰው ከአዲስ አበባ ተነስቶ ዲያኒ በምድር መድረስ ይችላል። ሐዋሳ፣ ዲላ፣ ያቤሎ፣ ሞያሌ። ድንበሩን በእግር ትሻገራላችሁ፣ ብርም እዚያው ወደ ሽልንግ ይመነዘራል። ከሞያሌ ናይሮቢ መንገዱ አስፋልት ነው፣ አውቶቡስ አለ። ከናይሮቢ ሞምባሳ በባቡር፤ እ.ኤ.አ. ከ2024 መጀመሪያ ጀምሮ የኢኮኖሚው ወንበር 1,500 ሽልንግ ሆኗል። ባቡሩ የጻቮን ፓርክ አቋርጦ ስለሚያልፍ በመስኮት ዝሆን ልታዩ ትችላላችሁ። ሞምባሳ ላይ የሊኮኒን ጀልባ ትሳፈራላችሁ፣ ለእግረኛ ነጻ ነው። ከዚያ ማታቱ፣ ማለትም የኬንያ ሚኒባስ ታክሲ። ሦስት አራት ቀን ይፈጃል፣ ያደክማል፣ እኔ ግን ከየትኛውም በረራ አስበልጬ እወደዋለሁ። በደቡብ በኩል ያለው መንገድ ሰላም መሆኑን ግን ከመነሳታችሁ በፊት እዚያ የሚነዱ ሾፌሮችን ጠይቁ። ጊዜ ከሌላችሁ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ሞምባሳ ድረስ ይወስዳችኋል።

ዳሃብ ለመድረስ ካይሮ በአውሮፕላን፣ ከዚያ ሌሊቱን ሙሉ በአውቶቡስ። ኬላ ላይ ደጋግመው ፓስፖርት ያያሉ፣ ከእንቅልፍ ይቀሰቅሷችኋል። ፓስፖርቱን ቦርሳ ሥር አትቅበሩት።

ገንዘብ

ዳሃብ ይረክሳል። ኮርሱ በብዛት 300 ዶላር አካባቢ ነው። ዲያኒ ላይ ጀልባው ስለሚጨመርበት 450 እና ከዚያ በላይ ይጠይቃሉ። ግን ዋጋ ሲነግሯችሁ ውስጡ ምን እንዳለ አስቆጥሯቸው፦ የመማሪያው ክፍያ፣ የካርዱ ክፍያ፣ ዌትሱቱ (ከብርድ የሚከላከለው የመጥለቂያ ልብስ) እና ፊኑ (እግር ላይ የሚገባው መቅዘፊያ)፣ ጀልባው፣ የባሕር ፓርኩ መግቢያ። "ርካሽ" የተባለው ኮርስ እነዚህን ለየብቻ ሲያስከፍል ውድ ሆኖ ያርፋል።

መኝታም ዳሃብ ላይ ይቀላል፤ ካምፕ የሚሏቸው ቀለል ያሉ ክፍሎች አሉ፣ ከተማዋን በእግር ትጨርሷታላችሁ። ዲያኒ በአንድ ረጅም መንገድ ዳር የተዘረጋች ስለሆነች በቱክቱክና በሞተር ነው የምትመላለሱት፣ ያ ገንዘብ ቀስ እያለ ይጠራቀማል። ምግቡ ሁለቱም ቦታ ይመቻል። ጾመኛ ከሆናችሁ ዳሃብ ላይ ፉልና ጣዕሚያ፣ ዲያኒ ላይ በኮኮናት የተሠራ ባቄላና ሩዝ አለላችሁ። ለትኬትና ለቪዛ ያወጣችሁትን ስትደምሩት ግን ልዩነቱ ይጠብባል፤ በምድር የሄደ ሰው በጠቅላላው ዲያኒ ሊረክስለት ይችላል።

መቼ?

ዳሃብ ዓመቱን ሙሉ ይሆናል። ጥርና የካቲት ላይ ውሃው 21 እና 22 ዲግሪ ስለሚሆን ወፍራም ዌትሱት ጠይቁ፣ ከባሕሩ ስትወጡም ነፋሱ ያንቀጠቅጣል። ዲያኒ ከጥቅምት እስከ መጋቢት ነው። በእኛ ክረምት አካባቢ ኩሲ የሚሉት የደቡብ ነፋስ ባሕሩን ስለሚያናውጠው ለጀማሪ አይመከርም። የዩኒቨርሲቲ ዕረፍታችሁ ሐምሌና ነሐሴ ከሆነ እንግዲህ ምርጫችሁ ዳሃብ ነው።

ወደ ደጋ መመለስ

ይህን ማንም አስተማሪ በደንብ አልነገረኝም፤ እነሱ የሚያስተምሩት ወደ ባሕር ጠለል የሚመለስ ሰው ነው። ስትጠልቁ ናይትሮጂን ደማችሁና ሥጋችሁ ውስጥ ይሟሟል። ግፊቱ በፍጥነት ሲቀንስ የተከፈተ የአምቦ ውሃ ጠርሙስ ሆናችሁ ማለት ነው፤ አረፋው የሚነሳው ሰውነታችሁ ውስጥ ነው። ስለዚህ ለብዙ ቀን ከጠለቃችሁ በኋላ ከመብረራችሁ በፊት ቢያንስ 18 ሰዓት ጠብቁ ይባላል። የአውሮፕላን ውስጥ ግፊት እስከ 2,400 ሜትር ከፍታ ያህል ሊወርድ ይችላል። አዲስ አበባ ራሷ ወደ 2,350 ሜትር ናት! ሌላው ሰው ሲያርፍ ይገላገላል፣ እኛ ስናርፍ ያው ነን። እኔ ሙሉ 24 ሰዓት ነው የምጠብቀው።

ይህ የሚመለከተው አውሮፕላንን ብቻ አይደለም። ዲያኒ ጠዋት ጠልቃችሁ ከሰዓት በባቡር ናይሮቢ አትውጡ፤ ናይሮቢ 1,700 ሜትር ገደማ ናት። ዳሃብ የሚሄድ ሐበሻ ደግሞ ደብረ ሲናንና የቅድስት ካትሪንን ገዳም ሳይሳለም አይመለስም፣ መቼም። ተራራው 2,285 ሜትር ነው፣ ሰዎችም የሚወጡት ሌሊት ነው። ኮርሱን እንደጨረሳችሁ በዚያው ምሽት የሚወስዷችሁ አስጎብኚዎች አሉ። እምቢ በሉ። ገዳሙን መጀመሪያ ተሳለሙ፣ ከዚያ ባሕሩን።

ትምህርት ቤቱን ስትመርጡ

ከዋጋው በፊት "አንድ አስተማሪ ስንት ተማሪ ይይዛል?" በሉ። ሕጉ እስከ ስምንት ይፈቅዳል፤ እኔ ከአራት በላይ ከሆነ ሌላ በር አንኳኩ እላለሁ። ሲሊንደሩን፣ ሬጉሌተሩን በዓይናችሁ እዩ። የጤና ቅጹን በእውነት ሙሉ፤ አስም ካለባችሁ ከአዲስ አበባ ሳትነሱ ሐኪም ይይላችሁ። ዳሃብ ላይ ደግሞ ገና ካርዳችሁ ሳይደርቅ ብሉ ሆል የሚባለው ጥልቅ የባሕር ጉድጓድ ገብታችሁ ቅስቱን (ከጉድጓዱ ወደ ባሕሩ የሚያወጣውን የዓለት ቀዳዳ) እናያለን እንዳትሉ። ቅስቱ ከ50 ሜትር በታች ነው። ዳሩ ላይ ያለው ግድግዳ እዚያ የሞቱ ጠላቂዎች መታሰቢያ ተለጥፎበታል፤ ቆማችሁ ስማቸውን አንብቡ።

እንግዲህ ለጠየቁኝ ሦስቱ የመለስኩት ይህን ነው። መዋኘት ገና ያልጠነከረችውን ዳሃብ ሂጂ፣ ቪዛውን ዛሬ ጀምሪ አልኳት። ውሃ የማይፈራውንና ቪዛ መጠበቅ የማይችለውን በኅዳር ዲያኒ በምድር ሂድ አልኩት። ሦስተኛው "ጂቡቲስ? በባቡር አይደል የሚኬደው?" አለኝ። እውነቱን ነው፣ ከኅዳር እስከ ጥር ታጁራ ባሕረ ሰላጤ ውስጥ ዌል ሻርክ የሚባሉት ግዙፍ ዓሣዎች ይመጣሉ፣ እኔም አንድ ቀን እሄዳለሁ። ግን ጂቡቲ ኑሮው ውድ ስለሆነ መጀመሪያ ሌላ ቦታ ተማርና ካርድህን ይዘህ ሂድ አልኩት። ስትመለስም ባቡሩ ከባሕር ጠለል ተነስቶ በአንድ ቀን አዲስ አበባ ዳር ያለው ፉሪ ጣቢያ ስለሚያወጣህ፣ ለመጨረሻ ጊዜ ከጠለቅህ በኋላ ሙሉ 24 ሰዓት እዚያው ጂቡቲ ቆይ።