የዓይን ሞራና ግላኮማ፦ ስማቸው ምን ይነግረናል?

«የዓይን ሞራ» የሚለው ስም በሽታውን ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። በግ ሲታረድ ሆድ ዕቃውን ሸፍኖ እንደምናየው ሞራ፣ ከብሌኑ ጀርባ ያለው ጥርት ያለ ሌንስ ይደፈርስና ብርሃን ይጋርዳል። የደፈረሰው ሌንስ በቀዶ ጥገና ወጥቶ ሰው ሠራሽ ሲተካ እይታ አብዛኛውን ጊዜ ይመለሳል።

ግላኮማን ብዙዎች «የዓይን ግፊት» ይሉታል። ይህ ስም ግን አይመቸኝም፤ ከፍተኛ ግፊት ዋና አጋላጭ ቢሆንም፣ ልኬታቸው ጤናማ ሆኖ የሚታመሙ አሉ። የሚጎዳው ዓይንን ከአንጎል የሚያገናኘው ነርቭ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ያለ ሕመም፣ ከዳር ጀምሮ እይታን ይሸረሽራል። የጠፋው አይመለስም፤ ጠብታውም ሆነ ቀዶ ጥገናው የቀረውን ለማትረፍ ነው። እናታችሁ «ሞራ ነው፣ ሲበስል ይገፈፋል» ብለው ከተቀመጡ፣ ግላኮማም ሊሆን ይችላልና እባካችሁ የዓይናቸውን ግፊትም ነርቭም አስመርምሩላቸው።